የባሌ ጥማድ

ባሌ ማታ ምን እንደሚበላ የምትወስነው ረውዳ ናት። ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ፀጉር ቤቴ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ይዤ ስታገል፣ መልእክቷ ከተፍ ይላል፤ «ሶሊዬ፣ ዛሬ ክክ አልጫ ይሁን። ዘይት ጠብ እንዳይልበት። ቃሪያም ይቅር። ሰላም ዋዪ።» ሶሊዬ ትለኛለች። ማን ፈቀደላት? ስሜ ሶልያና ነው። ሶሊ የሚለኝ ያፌት ብቻ ነው፤ እሷም ከእሱ አፍ ለቅማ ነው የወሰደችው።

ያፌት ባሌ ነው። ረውዳ ደግሞ ጥማዱ ናት። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የማመሳከሪያ ተጣማሪ» ይባላል፤ የኮምቦልቻ ሰው ግን ጥማድ አለውና አረፈው፣ እንደ በሬ። በየጠዋቱ ለምርመራ የሚሰጥ የአንድ ሰው የደም ጠብታ ብቻውን አይነበብም። አጠገቡ የሌላ ሰው ጠብታ አብሮት መፍሰስ አለበት፤ ያኔ ነው የማን ደም ምን እንደጎደለው የሚታወቀው። ጥማድህን አንተ አትመርጥም። ደምህን ይወስዳሉ፣ ለደምህ የሚቀርበውን ሰው ከከተማው ይፈልጋሉ፣ ከዚያ «እገሌ ነው» ይሉሃል፣ አለቀ። ለያፌት የቀረበችው ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖረው ረውዳ ሆነች። ባሏ የሞተባት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል እሷ!

ጥማዶች እራታቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ሥጋ፣ አንዱ ጎመን ከበሉ ጠዋት የሚታየው ልዩነት የበሽታ ይሁን የወጥ አይለይም። ስለዚህ በየቤቱ በሰው ቁጥር ልክ ድስት ይጣዳል። የእኔ ጥማድ ጋሽ ናሆም ናቸው፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ። እራታቸው ገንፎ በቅቤ ነው። ትናንትም ገንፎ፣ ዛሬም ገንፎ። አቅመ ደካማ ስለሆኑ በዐቢይ ጾም እንኳ አይጾሙም፤ እኔም የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ ቅቤዬን አብሬያቸው እውጣለሁ። ያፌት ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ የረውዳን ክክ ይበላል። ጠረጴዛው አንድ፣ ሳህኑ ለየብቻ።

ስንጋባ በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። እኔ ጥጋጥጉን፣ እሱ መሐሉን። ጥማድ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ባሌን አንዲት ጉርሻ አጉርሼው አላውቅም። አንዴ የልደቱ ቀን አላስችል ብሎኝ እጄን ብዘረጋ አፉን በመዳፉ ከድኖ «ኧረ ሶሊ፣ ጠዋት እኮ ይታያል» አለኝ። ያችን ጉርሻ መልሼ ራሴ ዋጥኳት።

ጠብታ ቤቱ ሕንፃችን ሥር ነው፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት ክፍል። ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ሰው ተሰልፏል። ጥማዶች ጎን ለጎን ይቀመጡና እጃቸውን አንድ ትራስ ላይ ያሳርፋሉ። መርፌዋ ነካ ነካ ታደርጋቸዋለች። ሁለቱ ጠብታዎች በካርዱ ሁለት አፍ ይገቡና ከፀጉር በቀጠነች ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ይፈሳሉ። አይቀላቀሉም። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ጎልተው ይታያሉ፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ መሐላቸው ድንበር። ድንበሩ ቀጥ ካለ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ካርዳቸው ለዕለቱ ይሠራል። ከጠመመ አንዳቸውን አሞታልና ወደ ሐኪም ይላካሉ። ካርዱ ያልሠራለት ሰው አውቶቡስ አይከፈትለትም፣ ገበያ አይገባም። ያፌት ደግሞ በሐረጎ ተራራ ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣውን የገመድ መኪና ነው የሚያሽከረክረው፤ አረንጓዴ ካልበራለት ወንበሩ ላይ አያስቀምጡትም።

የጠብታ ቤቱ ኃላፊ ኪሩቤል የሚባል ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ ወሬ ይወዳል። «ተጫወቱ፣ ተጫወቱ! ልባችሁ ሲረጋጋ ነው ደማችሁ ቀጥ ብሎ የሚፈሰው» እያለ ጥማዶቹን ያጫውታል። እኔና ጋሽ ናሆም ምን እንጫወታለን? እሳቸው ያንቀላፋሉ፣ እኔ ክፍሉን ከሚከፍለው መስታወት ወዲያ ያፌትንና ረውዳን አያለሁ። እነሱ ግን ማንም ተጫወቱ ሳይላቸው ነው የሚጀምሩት። እሷ አንድ ነገር ትለዋለች፣ ያፌት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲስቅ መቼ እንዳየሁት እንጃ። ስክሪኑ ላይ ደማቸው ጎን ለጎን ይፈሳል። አይቀላቀልም ይላሉ። ድንበሩን ግን እኔም አይቼዋለሁ፤ በጣም ቀጭን ነው።

አንድ ቀን ተራዬ እስኪደርስ ኪሩቤልን ጠጋ አልኩት።

«ባልና ሚስት ጥማድ መሆን አይችሉም?»

«ደማችሁ ከተቀራረበ ለምን አይችሉም? የእናንተ ግን አይቀራረብም፣ እታለም። ያኔ ተመርምሮ የለ?»

«ለጥቂት ጊዜ እንኳ?»

«ለጥቂት ጊዜማ ይቻላል። ጥማዱ የፈረሰበት ሰው አዲስ እስኪፈለግለት ከቤተሰቡ አንዱ ይተካለታል። ሥራ ግን አይገባም፣ ቤቱ ይቀመጣል።»

«በምንድነው ጥማድ የሚፈርሰው?»

«በሽታ ሳይገኝባቸው ድንበሩ በየቀኑ እየጠመመ ሲያስቸግር ነው። አልተስማሙም ተብሎ ይለያያሉ።» ከዚያ አፉን መዝጋት አቅቶት ስክሪኑን በአገጩ አሳየኝ። «እነዚህን ተያቸው። እንደነሱ ቀጥ ያለ ድንበር እዚህ ቤት አይቼ አላውቅም። የተፈጠሩት አንዳቸው ለአንዳቸው ነው።»

ደሜ ፈላ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ጠብታዬ አልረጋ ብሎ ኪሩቤል ቁጭ ብዬ ውሃ እንድጠጣ አዘዘኝ። ጋሽ ናሆም ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ምን ሆነሻል ልጄ? ማን አስቆጣሽ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ባሌ ስቆ ነው ልበል?

ማታ እራት ላይ ጠየቅኩት።

«ከሷ ጋር ምንድነው እንደዚያ የሚያስቃችሁ?»

«ስለ ተማሪዎቿ ነዋ። አንዱ ፈተና ላይ የጻፈውን ብትሰሚው...»

«አልፈልግም። እኔስ ወሬ የለኝም?»

«አንቺ መች ታወሪኛለሽ ሶሊ፤ ትቆጪኛለሽ እንጂ።» ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገና «አብሽሪ» አለኝ።

አብሽሪ! ይህን ቃል ከየት እንዳመጣው አጣሁት? ባለፈው ረመዳን ጥማድ ነኝ ብሎ ከሷ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲጾም ሰነበተ፣ አሁን ደግሞ እሷ በተራዋ ዐቢይ ጾምን ከሱ ጋር ትጾማለች። የእኔ ጾም ግን በጋሽ ናሆም ገንፎ ፈርሷል። ባሌ ሁለት ሃይማኖት የሚያህል ነገር ከሌላ ሴት ጋር ተካፍሎ ለእኔ የቀረችኝ አብሽሪ ናት። ተነስቼ ሳህኔን አጠብኩ። ሳህኑ እስኪጮህ ነው ያሸሁት።

በማግስቱ ኤልዳና ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ኤልዳና የቆየች ደንበኛዬ ናት፣ ምላሷ መቀስ። ባሏ ከአንዲት የባንክ ሴት ጋር ተጠምዶ ነበር፤ አሁን ጥማዱ አንድ መኪና አጣቢ ሽማግሌ ነው። ፀጉሯን እየሠራሁ ሆዴን ዘረገፍኩላት። በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ሳቀች።

«ይኼ ነው ያስጨነቀሽ? ቅቤ አግቢበት።»

«ምን ላይ?»

«ክኩ ላይ ነዋ! ቅቤ የገባበት ደም ይከብዳል። የሱ ሲከብድ የሷ ሲቀል ድንበሩ ጥምም ይላል። በሽታ ቢፈልጉ የለም። ጥቂት ቀን እንዲህ ሲያደርጋቸው ራሳቸው ይለያዩልሻል። የእኔን ማን የለየው ይመስልሻል?»

«በጾም?»

«በጾም ነው እንጂ! በጾም ድስት ውስጥ ማን ቅቤ ይጠረጥራል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብቻ እንዳይነቃብሽ። የሰው ጠብታ ያበላሸ ሰው ካርዱ ይዘጋል። አውቶቡስ የለ፣ ገበያ የለ፣ ይኼ ፀጉር ቤትሽም የለ። ቤትሽ ቁጭ ነው። አይምሩም።»

ፈራሁ። ግን ኪሩቤል ያለኝን አሰብኩ፤ አዲስ ጥማድ እስኪፈለግለት የቤተሰብ ሰው ይተካለታል። ያፌት ቤት ይቀመጣል፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ጠብታዬን እሰጣለሁ፣ ማታ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ለጥቂት ሳምንት ቢሆን እንኳ። ሌላ ምን ጠየቅኩ? ከባሌ ጋር እራት መብላት ነው የፈለግኩት። ጾሙን የማፈርሰው እኔ እንጂ እሱ አይደለም፣ እግዜርም ያውቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የዚያን ዕለት ረውዳ ያዘዘችው የምስር ወጥ ነበር፣ እንደ ወትሮዋ ዘይት የሌለው። ይህን ዘይት የመጥላት ነገሯን ወገቧን ለመጠበቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ከሰውነቷ በቀር ምን የምታስበው አላት እል ነበር። ድስቱ ሲወርድ ከገንፎዬ ቅቤ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጣል አድርጌ አማሰልኩት። ቅቤው ቀለጠ፣ ጠፋ። ሽታውን ገንፎዬ ሸፈነልኝ።

ያፌት ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ቆም አለ።  ሳህኑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ማላመጡን ቀጠለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። እጅሽ ይባረክ።»

ጠርጎ በላው። ወንድ ልጅ ምላስ የለውም ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። እጁን ታጠበና «ረውዳ ቧንቧዋ ያንጠባጥባል ብላለች፣ አይቼላት ልምጣ» ብሎ ወጣ። ያ ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ጠዋት ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ ስክሪኑን ጠበቅኩ። ሁለቱ ደሞች ቦዩ ውስጥ ገቡ፣ ጎን ለጎን ፈሰሱ፣ ድንበሩ መሐል ላይ ቁጭ አለ። ቀጥ! አረንጓዴ በራ። ያፌት እየሳቀ ወደ ሐረጎ ሄደ።

አንሷል አልኩ። በማግስቱ ጨመርኩ። ያፌት በላ፣ አመሰገነ፣ ወደ ላይ ወጣ፤ ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል አሉ። ጠዋት ድንበሩ ቀጥ። በሌላው ቀን ጨመርኩ፣ አሁንም ቀጥ። ኪሩቤል ሰውን እየጠራ ያሳያል፤ «ኑ እዩ፣ ኑ እዩ! ሁለቱም ትንሽ ከብደዋል፣ ግን እኩል! እኩል ነው የከበዱት!» እኔ እርር ድብን አልኩ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ደማቸውን ቅቤ እንኳ የማይለያየው ምን ቢዋደዱ ነው?

በመጨረሻ አላስችል አለኝ። ያፌት እንደ ልማዱ ከእራት በኋላ ሲወጣ ጫማዬን አውልቄ በደረጃው ተከተልኩት። የረውዳ በር ገርበብ ብሏል። ወሬያቸው በሹክሹክታ ነው። እሷ ረዘም አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፣ አልሰማሁትም። የሱን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

«ሶሊ ብቻ እንዳታውቅ» አለ።

እንዴት ወደ ቤት እንደወረድኩ አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ። እሱ ሲመለስ ተኝቻለሁ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በነጋታው ከቅቤው ዕቃ የቀረውን በሙሉ ጠርጌ ክኩ ላይ ገለበጥኩት። ክኩ ያብረቀርቅ ነበር። ያፌት ሳህኑን አይቶ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። በላው።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ገና የመጀመሪያ ደንበኛዬን አጥቤ ሳልጨርስ፣ ያፌት ደወለ።

«ረውዳ እያስተማረች ክፍል ውስጥ ወደቀች። ሆስፒታል ነን። ነይ።»

እውነቱን ልናገር? ያዘንኩላት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ «እሱ በሥራ ሰዓቱ እዚያ ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ለካ አንዱ ጥማድ ሲታመም ሌላውንም ይጠሩታል። ደንበኛዬን ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልዬ ትቻት ሄድኩ።

ረውዳ አልጋ ላይ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ተኝታለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ያፌት እግርጌዋ ቆሟል። አንዲት ወጣት ሐኪም ትቆጣታለች።

«የሐሞት ጠጠር እንዳለብሽ እያወቅሽ! ቅባት በአፍሽ እንዳይዞር ተብለሽ የለም? ይኼ ሁሉ ስብ ከየት መጣ?»

«አማረኝ ዶክተር» አለች ረውዳ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«አማረኝ! ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ እኮ ሞተሽ ነበር። ለምንድነው ጠብታ ቤት ያልያዙሽ? ድንበራችሁ እንዴት ሳይጠም ቀረ?» አለችና ያፌትን አየችው። ያፌት ወለሉን አየ። ሐኪሟ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። የሐሞት ጠጠር። ዘይት ጠብ እንዳይል የምትለኝ ለዚህ ነበር።

«አንቺ ምን ነክቶሽ ነው ቅቤ የበላሽው?» አልኳት።

ሁለቱ ተያዩ። ሳይነጋገሩ ነው የተነጋገሩት።

«ንገራት» አለችው።

«ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ፣ ሶሊ» አለ ያፌት። «ጾም ከገባ ጀምሮ ቅባት ያልነካ ምላስ ቅቤ ይስተዋል?»

 «አውቀህ በላኸው? በጾም?»

«ምን ላድርግ? ሳህኑን ብገፋው ፊቴ ትዋረጃለሽ። ብበላው ደግሞ ጠዋት ድንበሩ ይጠማል፣ ኪሩቤል መጥቶ ድስትሽን ያስመረምራል፣ ካርድሽ ይዘጋል። ከቤት ሳትወጪ ልትቀሪ ነው።»

«ስለዚህ ለሷ ነገርካት።»

«ነገርኳት። እሷም እኩል ከበላች ድንበሩ አይጠምም።»

«በየማታው የምትወጣው...»

«ስንት ማንኪያ እንደገባበት ልነግራት ነው። በምላሴ እየገመትኩ።»

ረውዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ሕመሙ ከለከላት። «ትንሽ ከሆነ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። እጅሽ ግን ሰፊ ነው ሶሊዬ። የትናንትናው በተለይ... ኧረ በአላህ!» ያፌት ይህን ሲሰማ ሳቅ አመለጠው። በዚህ ሰዓት እንኳ ታስቀዋለች።

«ለምን ብለሽ?» አልኳት። «ምንሽ ነኝ እኔ?»

«የድሮ ጥማዴ የሞተ ጊዜ አዲስ እስኪፈልጉልኝ ካርዴ ተዘግቶ ነበር። የሚተካልኝ ቤተሰብ የለኝ። ከቤቴ ሳልወጣ ሰነበትኩ። በሬን አንኳኩቶ ዳቦ ያቀበለኝ ሰው አልነበረም። ያንን ለማንም አልመኘውም።»

አንድ ፎቅ ነበር የሚለየን። ያኔ በሯ ተዘግቶ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ዞር ብዬም አላየሁት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ሰው የሆነ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ወደ ያፌት ዞርኩና፣

«ለእኔ ሳትነግር ለሷ ነገርካት» አልኩት።

«ሶሊ...»

«ሚስትህ እኔ ነኝ። ነውሬን እንኳ ከሷ ጋር ነው የተካፈልከው።»

 ረውዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነርሷ ገባች። «ጥማዷ ማነው?» ስትል ያፌት እጁን አነሳ። «ጫማህን አውልቅና እዚህ ተኛ» ብላ ከረውዳ አልጋ ጎን ያለውን አልጋ አሳየችው። ረውዳ ሆዷ እስኪያርፍ በአፏ ምንም አይገባም፣ ምግቧ በግሉኮስ ነው። እሷን ጠዋት ጠዋት ማንበብ ስላለባቸው ያፌትም ያንኑ ምግብ፣ ከዚያው ከረጢት፣ በዚያው ሰዓት መውሰድ አለበት። እስክትድን አብሯት ይተኛል። ነርሷ አንድ ከረጢት ሰቀለች፣ ከሥሩ ሁለት ቱቦ አወጣች፣ አንዱን ለሱ አንዱን ለሷ ሰካች።

ግድግዳውን ተደግፌ አየሁ። ባሌ ተኝቷል፣ ጎኑ ረውዳ ተኝታለች፣ ከአንድ ዕቃ ይበላሉ። ያጋደምኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቅቤዬ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ቅናት ሰውን ያቃጥላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ያን ቀን አንቀጠቀጠኝ፣ በረደኝ።

ይህን እያሰብኩ መብራት ጠፋ። ስንቱ ነገር ሲለወጥ የእኛ አገር መብራት አልተለወጠም። ግሉኮሱን የሚገፋው ፓምፕ እህህ ብሎ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ጩኸት ሆነ፤ ነርሷ ሮጣ መጣችና ከረጢቱን ከመስቀያው አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ። ከፍ ካለ በራሱ ይወርዳል። ቱቦዎቹ ላይ እነዚህን ሁለት መዘውሮች ታያለሽ? ይኼ የሱ፣ ይኼ የሷ። ሁለቱም እኩል ይንጠባጠብ። ካበላለጥሽው ነገ ድንበራቸው ይጠማል፤ እዚህ ደግሞ አንዴ ከጠመመ ጥማዱ ይፈርሳል። ሌሎች በሽተኞች አሉብኝ፣ መጣሁ።»

ሄደች። ክፍሉ ውስጥ እኛ ሦስታችን ቀረን።

መሐላቸው ቆሜ ከረጢቱን ከራሴ በላይ አነሳሁት። ያፌት ድካሙ አሸንፎት ዓይኑን ከድኗል። ጠብታዎቹ በሁለቱ ቱቦ ይወርዳሉ። የረውዳ መዘውር አውራ ጣቴ ሥር ነው። ትንሽ ናት፣ እንደ ልብስ ቁልፍ። ትንሽ ጠበቅ ባደርጋት ጠብታዋ ይዘገያል። ለማንም አይታወቅም፤ መብራት ነው የጠፋው፣ የእኔ ጥፋት አይደለም። ጠዋት ድንበሩ ይጠማል። አልተስማሙም ይባላል። ያፌት ይነሳል፣ ቤቱ ይገባል፣ ጥማዱ እኔ እሆናለሁ። ይህችን መዘውር ብቻ። ጣቴን ጫን አደረግኩት። ጠብታዋ ቆም፣ ቆም ማለት ጀመረ።

ቀና ስል ረውዳ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ጣቴን አይታዋለች። የት እንዳለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ አውቃለች። የምትጮህ መሰለኝ፤ ያፌትን የምትቀሰቅስ መሰለኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሶሊዬ» አለች ቀስ ብላ። «ምሳ በልተሻል?»

 ከጠዋት ጀምሮ በአፌ የዞረ ነገር የለም። ያፌት በስልክ ሲጠራኝ አልጠየቀኝ፣ ስመጣ አልጠየቀኝ። ጎኗ ተኝቶ ያንኮራፋል።

«አልበላሁም» አልኳት። 

ጣቴን ከመዘውሯ አነሳሁ። ጠብታዋ እንደገና ወረደ፣ ከሱ ጋር እኩል። እጄ ዝሎ ነበር፤ ቢሆንም መብራቱ እስኪመጣ ከረጢቱን አላወረድኩትም።